ክሩ እኩል ካልሆነ

በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ የዳውድ መኪና ወጥታ የግቢው የብረት በር ሲዘጋ፣ ሙፊዳ ከቀሚሷ ኪስ አንድ ክንድ የሚሆን ነጭ የስፌት ክር ታወጣለች። አሠሪዋ ኢብቲሳም፣ የዳውድ ሚስት፣ ሶፋው ላይ ደገፍ ብላ ሁለት እግሮቿን ትዘረጋላታለች። ሙፊዳ ከጉልበቷ በታች አንድ ስንዝር ትለካና ክሩን በቀኝ ባቷ ዙሪያ ታዞረዋለች፤ ጫፉ የደረሰበትን ቦታ በጥፍሯ ይዛ ትቋጥራለች። ከዚያ ያንኑ ክር ወደ ግራው ትወስደዋለች። ቋጠሮውና ጫፉ ከገጠሙ “እኩል ነው” ትላለች። ይህን ሳትል ዘይት አትነካም። ካለች በኋላ ግን የወይራ ዘይቱን በመዳፎቿ መካከል አሙቃ ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ ማሸት ትጀምራለች፤ ኢብቲሳምም ዓይኗን ትጨፍናለች።

ኢብቲሳም የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። በሴቶች ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል ማታ ማታ እግሯ ያብጣል። ክሩን ያየች ዕለት ስቃ ነበር።

“ሙፊዳ፣ ቀሚስ ልትሰፊልኝ ነው?”

“አይደለም ማዳም። እኩል መሆናቸውን ላይ ነው።”

“እኩል ካልሆኑስ?”

“አላሽም።”

“ለምን?”

“አላውቅም” አለች ሙፊዳ። ይህን ስትናገር ፊቷ ላይ የታየው እፍረት አልነበረም፤ ንዴት ነበር። ጥያቄው የራሷ ጥያቄ ነውና።

ክሩን ያስያዟት አባቷ ናቸው። ኢዘዲን ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በደጋን የታወቁ ወጌሻ ናቸው። የተሰበረ ያስራሉ፣ የወለቀ ይመልሳሉ፣ የዞረ ጅማት ያሻሉ። ከልጆቻቸው ሁሉ እጃቸውን የወረሰችው ሙፊዳ ናት። የሚሠሩትን ነገር ምክንያት ሲጠየቁ የማይሰለቹ ሰው ናቸው፤ የሸንበቆው ማሰሪያ ለምን እንደሚላላ፣ ክረምት የተሰበረ ለምን ቶሎ እንደማይጠግን ያስረዳሉ። አንድ ደንብ ብቻ ያለ ምክንያት ሰጧት፦ የነፍሰ ጡርና የአራስ እግር ሳይለካ አይታሽም፤ ክሩ እኩል ካልሆነ እጅሽን አታሳርፊ። “ለምን?” ስትላቸው “አላውቅም” ይላሉ፤ ወሬውንም ወደ ሌላ ያዞራሉ።

ደንቡ ከአያት የወረደ አይደለም። ሙፊዳ የተጀመረበትን ሳምንት ታውቃለች። ሙሐባ የምትባል ጎረቤታቸው በወለደች በስምንተኛው ቀን እግሯ አበጠና አባቷ ተጠሩ። ሙፊዳ ያን ቀን ገበያ ውላ ስትመለስ አባቷን ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው አገኘቻቸው፤ እጃቸው ገና ቅባት ነበር። ሙሐባ ሞታለች። ሰዉ ግማሹ ዓይን በልቷት ነው አለ፤ ግማሹ ደግሞ አራስ ብቻዋን ስትቀር የሚመጣ ጅን ነው አለ። አባቷ በአንዱም አልተስማሙም፤ የራሳቸውንም ቃል አልጨመሩም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ግን ኪሳቸው ክር አላጣም። ሙፊዳ ዛሬ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ነገሩ ከሆነ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል፤ አሁንም ምክንያቱ ይከነክናታል።

መከንከን ተፈጥሮዋ ነው። ሙስካት ከገባች ስድስተኛ ዓመቷ፣ አል ሀይል ያለው የእነኢብቲሳም ቤት ከገባች ሦስተኛዋ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ የቤቱን የአቧራ መጥረጊያ ማሽን ሁለት ጊዜ ፈታታ ገጥማለች፤ አቧራው የት እንደሚሄድ ለማየት ነው። ዳውድ ሲያያት “ይቺ ልጅ አንድ ቀን እኔንም ትፈታኛለች” ይላል።

ዓርብ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ የሚያማቸው የአገሯ ሴቶች ይመጣሉ። ኢብቲሳም የጓሮውን ክፍል ፈቅዳላታለች። የማትቀረው ምኞት ናት፤ የደሴ ልጅ፣ አል ኹዌር የመሥሪያ ቤት ወለል የምትወለውል።

“አንቺ ሴትዮ፣ ትከሻዬን እያሸሽው ነው ወይስ እየነቀልሽው?”

“ዝም በይ። ያን ሁሉ ወለል በአንድ እጅሽ ብቻ ነው እንዴ የምትወለውዪው? ቀኝሽ ድንጋይ ሆኗል፤ ግራሽ ጥጥ ነው።”

“በግራዬ ሻይ እይዛለኋ!”

“ሻዩን ቀይሪና ያዢ።”

“ለእኔስ ክር የለም?”

“ስታረግዢ።”

“በይ ባሉን ፈልጊልኝና ትለኪኛለሽ።” ምኞት ተገልብጣ ቁጭ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ቀልዴን አይደለም ሙፊዬ። ቋጠሮ ያለበት ክር በሰው ቤት ኪስሽ ውስጥ ይዘሽ አትዙሪ። እዚህ ቋጠሮ ሌላ ነገር ነው። ድግምት አሠራች ብለው ሻንጣዋን ያስፈተሹባትን ልጅ ረሳሻት?”

“ማዳም ታውቃለች። ፊቷ ነው የምቋጥረው።”

“ማዳም ታውቃለች። የማዳም እናትስ?”

ሙፊዳ ክሩን አውጥታ አየችውና መልሳ ኪሷ ከተተችው።

ኢብቲሳም በግንቦት ወር በቀዶ ሕክምና ወንድ ልጅ ወለደች። ነቢል አሉት። በሦስተኛው ቀን ወደ ቤት ስትመለስ እናቷ ፋሪዳ ከቁሪያት መጥተው ጠበቋት፤ አብሽ፣ ማር፣ የላም ቅቤ፣ አንድ ጆንያ ሎሚና በቅርንፉድ የታሸ ዘይት ጭነው ነበር የመጡት። ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። ቀጭን ናቸው፤ ሲራመዱ ድምፅ የላቸውም፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ሲጠራቸው ሳይሆን ሲዞር ነው የሚያገኛቸው።

የመጀመሪያው ትእዛዛቸው አርባው ቀን እስኪሞላ ኢብቲሳም ከአልጋ እንዳትወርድ ነው። ወደ መታጠቢያ ቤት ደግፈው ያደርሷታል፤ ከዚያ በቀር እግሯ መሬት አይነካም። ሁለተኛው፣ ሆስፒታል ያለበሷትን እስከ ጭን የሚደርስ ጥብቅ ካልሲ ማውለቅ ነው።

“ሐኪሟ አታውልቂው ብላኛለች፤ ተራመጂም ብላለች” አለች ኢብቲሳም።

“ሐኪሟ ስንት ልጅ አላት?”

“እናቴ፣ ምኑን አውቃለሁ?”

“እኔ ስድስት አለኝ። ሆድሽ ተቀዶ በዚህ ሙቀት እግርሽን ታስረሽ አትተኚም።” ካልሲውን ጠቅልለው ለሙፊዳ ሰጧት። “አሚናትን የገደላት መነሣት ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን ደህና ነኝ ብላ ከአልጋዋ ወረደች፤ በሩ ጋ ሳትደርስ ወደቀች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት አራስ አትነሣም። ኻላስ፣ አለቀ።”

አሚናት የፋሪዳ ታናሽ እህት ናት። ሙፊዳ ካልሲውን እንደያዘች ቆመች።

“ማማ፣ እግሯ አብጦ ነበር?”

ፋሪዳ ዞረው አዩዋት። “የሞተች እህቴ እግር ምን አገባሽ?”

ክሩ የተገኘው በማግስቱ ጠዋት ነው። ሙፊዳ እንደ ልማዷ የኢብቲሳምን ባት ስትለካ ፋሪዳ ከኋላዋ ቆመው ነበር። የቋጠረችውን አዩ። ፊታቸው ደም አልባ ሆነ።

“ምንድን ነው የምትቋጥሪው?”

“ልኬት ነው ማማ።”

“በልጄ ገላ ላይ ነው የምትቋጥሪው?”

ኢብቲሳም ጣልቃ ገባች፤ ሦስት ወር ሙሉ ስታደርገው እንደኖረች፣ ምንም ክፉ ነገር እንደሌለው ተናገረች። ይህ ነገሩን አባሰው። ፋሪዳ ክሩን በሁለት ጣታቸው ጫፍ ይዘው ወደ ማድ ቤት ወሰዱ፤ የጋዙን ምድጃ ለኩሰው ቁርኣን እየቀሩ አቃጠሉት። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው መጡ።

“እጅሽ ጥሩ ነው ይላሉ። እሺ፣ እጅሽን ተጠቀሚ። ክር ግን ማፊ፣ የለም። ሁለተኛ ክር ካየሁ ዕቃሽን ይዘሽ ወደ መክተብ ነው።”

መክተብ ያመጣት አስቀጣሪ ቢሮ ነው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ቤት፣ ሌላ ማዳም፣ ወይም አውሮፕላን ይከተላል። ሙፊዳ “እሺ ማማ” አለች። ክር ባይኖርም ጣት አለ ብላ አሰበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማሸቷ በፊት ባቱን በሁለት እጆቿ ጣቶች ከብባ መያዝ ጀመረች፤ በሁለቱ መካከለኛ ጣቶቿ መካከል የሚቀረውን ክፍተት ታያለች። አራተኛው ቀን፣ አምስተኛው፣ እስከ ስምንተኛው ድረስ የቀኙም የግራውም ክፍተት አንድ ጣት ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ኢብቲሳም ልጁን ስታጠባ ፊቷን አኮሳተረች።

“ግራ እግሬ ከሌሊት ጀምሮ ይወጥረኛል። ጅማት የዞረብኝ ይመስለኛል።”

“በመተኛት ብዛት ደርቆ ነው” አሉ ፋሪዳ፤ የቅርንፉዱን ዘይት ከመስኮቱ ሥር አነሡ። “ያላ ሙፊዳ፣ በደንብ አድርገሽ አፍታቺላት።”

ሙፊዳ ቀኙን በጣቶቿ ከበበች፤ ክፍተቱ አንድ ጣት ነው። ግራውን ከበበች፤ ክፍተቱ ሦስት ጣት ሆነ። እጇን ገልብጣ በጀርባው ቆዳዋን ነካች። አባቷ ሙቀት የሚለካው በእጅ ጀርባ ነው ይላሉ። ግራው ይሞቃል። ባቱ እንደ ወትሮው ጎድጎድ አላለም፤ ተወጥሯል፣ ያብለጨልጫል።

እጇን አነሣች።

“ማማ፣ ይህ አይታሽም።”

“ምን?”

“እኩል አይደለም። አላሽም።”

“ስላበጠ አይደል የምታሺው? ያላበጠ ማን ያሻል?”

“ሐኪም ይየው።”

“የእግር ጅማት ነው ሐኪም የሚያየው? ያ ክር ነው አይደል?” የፋሪዳ ድምፅ ከፍ አለ። “አቃጠልኩብሽና አኮረፍሽ! ስታሺ ኖረሽ፣ ልጄ ስትታመም እምቢ!”

ፋሪዳ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ዘይቱን መዳፋቸው ላይ አፈሰሱ፤ ጠብታው አንሶላው ላይ ፈሰሰ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የልጃቸውን እግር ወደ ጉልበታቸው ሊስቡ ሲሉ ሙፊዳ ጎንበስ ብላ ሁለት ክንዶቿን በባቱ ላይ፣ ሳትጫነው፣ እንደ ቤት ጣሪያ ዘረጋቻቸው።

በዚህ ቤት ሦስት ዓመት ስትኖር የፋሪዳን እጅ መከልከል ይቅርና ፊታቸው ቃል መልሳ አታውቅም ነበር።

“እጅሽን አንሺ።”

“አላነሣም ማማ። ወደ መክተብ ይመልሱኝ። ይህን ግን አይሹት።”

“ለምን?” አለች ኢብቲሳም። ልጁን ደረቷ ላይ አስጠግታ ሙፊዳን ትኩር ብላ አየቻት። “ለምን እንደማይታሽ ንገሪኝ።”

ሙፊዳ አፏን ከፈተች። አሥራ አምስት ዓመት ስትፈልገው የኖረችው መልስ አሁን ቢኖር ኖሮ ይጠቅማት ነበር።

“አላውቅም” አለች። “አባቴም አያውቁም። ግን አንዲት አራስ እንዲህ ሆና አሿት። ሞተች።”

“አባትሽ ሐኪም ነው?” አሉ ፋሪዳ።

“አይደለም። ወጌሻ ናቸው። ስብራት ያስራሉ።”

“ስብራት የሚያስር!” ፋሪዳ ወደ ጣሪያው አዩ።

ሙፊዳ ወደ ኢብቲሳም ዞረች። “ማዳም፣ የኮመዲኖሽ መሳቢያ ውስጥ የልብስ መለኪያ ሜትር አለ። ቋጠሮ የለውም፤ ቁጥር ነው ያለው። በእሱ ልለካ። እኩል ከሆነ አሸዋለሁ። ከዚያ ራሴ ዕቃዬን እሰበስባለሁ።”

ፋሪዳ እጃቸውን ጠርገው ከአልጋው ጫፍ ተነሡ። ቁጥር ላይ የሚደገም ድግምት የለም። ሜትሩን ሙፊዳ አመጣች፤ የአንድ ስንዝሩን ቦታ ግን ኢብቲሳም ራሷ ምልክት አደረገች፤ ቁጥሩንም ራሷ አነበበች። ቀኙ ሠላሳ ሰባት። ግራው አርባ አንድ ከግማሽ።

“በድጋሚ” አለች።

በድጋሚ ለኩ። ያው ነው።

ኢብቲሳም የሒሳብ መምህርት ናት። በስፌት ክር ቢያሾፉም ስለ አራት ሴንቲሜትር ተኩል ግን የሚከራከሯት ሰዎች እንደማይኖሩ ታውቃለች። ስልኳን አነሣች። “ዳውድ፣ ና ውሰደኝ። አይ፣ ልጁ ደህና ነው። እግሬ ነው። አይደለም፣ አልወደቅሁም። መጥተህ ታያለህ፤ አሁን ና።”

ሆስፒታል አብረው ሄዱ፤ ሙፊዳ ነቢልን እንድትይዝ፣ ፋሪዳ ደግሞ አልቀርም ስላሉ። በአልትራሳውንዱ ክፍል ውስጥ መብራቱ ደብዘዝ ብሏል። ባለሙያዋ መሣሪያውን የቀኝ ጭን ላይ ጫን ስታደርገው በስክሪኑ ላይ ያለው ጥቁር ክብ እንደ ዓይን ተከደነ፤ ስታነሣው ተገለጠ። ጫን፣ ክድን። ጫን፣ ክድን። ወደ ግራው ዞረች። ጫን አደረገች። ክቡ አልተከደነም። ትንሽ ዝቅ ብላ እንደገና ጫነች። አልተከደነም።

“ለምን አይዘጋም?” አለች ሙፊዳ፤ ማንም እንድትናገር አልጠየቃትም።

ባለሙያዋ ዞር ብላ አየቻት፤ ልጅ የያዘች ሠራተኛ እንደሆነች ገባት፤ ግን መለሰች። “የደም ሥሩ ነው፤ ውስጡ ሞልቷል። የሚፈስ ደም ሲጫኑት ይሸሻል። የረጋ ደም አይሸሽም።”

ሐኪሟ የመጣችው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው። ፈጣን ተናጋሪ ናት፤ ሙፊዳ ዐረብኛዋን የለቀመችው ከማድ ቤትና ከሕፃናት ክፍል በመሆኑ ሁሉን አልያዘችም፤ ያልገባትን ግን አላሳለፈችም። ሐኪሟ እንዲህ አለች። ሴት ስታረግዝ ደሟ ለወሊድ ይዘጋጃል፤ ስትወልድ ፈስሶ እንዳያልቅ ቶሎ የሚረጋ ይሆናል። ይህ ጥበቃ ነው። በአንዳንዶቹ ግን ከመጠን ያልፋል፤ በተለይ ቀዶ ሕክምና ሲጨመርበት፣ በተለይ ብዙ ሲተኙ። ደሙ እግር ውስጥ ይቆማል፤ የቆመ ደም ይረጋል።

እንደ ወተት፣ አለች ሙፊዳ በልቧ። የተናጠ አይረጋም፤ የተቀመጠ ይረጋል።

“ግራውን ለምን መረጠ?” ብላ ጠየቀች።

ዳውድ “ሙፊዳ!” አለ፤ ሐኪሟ ግን ሳቀች። “ጥሩ ጥያቄ ነው። የግራ እግርን ደም ወደ ልብ የሚመልሰው የደም ሥር ሆድ ውስጥ ከሌላ ትልቅ የደም ሥር በታች ያልፋል። እርግዝና ሲጨመርበት ይጨፈለቃል። ስለዚህ ነፍሰ ጡርና አራስ ላይ አብዛኛው ግራው ነው።”

“ቢታሽስ?”

የሐኪሟ ሳቅ ቆመ። “አሻችሁት?”

“አላሸንም።”

“የረጋው ደም ሊላቀቅ ይችላል። ከተላቀቀ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ሳንባ ውስጥ ከገባ ትንፋሽ ይዘጋል። ሳይታሽም ሊሄድ ይችላል፤ ለዚህ ነው ቶሎ መምጣታችሁ ጥሩ የሆነው።”

“ምን ያህል ይቆያል? ከተላቀቀ በኋላ?”

“አንዳንዴ ደቂቃዎች ብቻ።”

ሙፊዳ ነቢልን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረችው። በደጋን ደጃፍ ላይ የተቀመጡትን አባቷን በሐሳቧ አየቻቸው። እጃቸውን ሳይታጠቡ ነው ሙሐባ የሞተችው። የሆነው ነገር ይህን ያህል አጭር ነበር።

ሐኪሟ ብዕሯን አወጣች። በቤተሰቡ ውስጥ እግሩ እንዲህ አብጦ፣ ወይም በወሊድ ሰሞን በድንገት የሞተ ሰው እንዳለ ጠየቀች፤ ቶሎ የሚረጋ ደም በዘር ሊወርድ ይችላል፣ ካለ ወደፊት ይመረመራል አለች። ኢብቲሳም ወደ እናቷ አየች። ፋሪዳ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር።

“እህቴ” አሉ። “በአሥራ አንደኛው ቀን። ተነሥታ።”

“እግሯ አብጦ ነበር?”

ፋሪዳ ወደ ሙፊዳ ዞሩ። ይህን ጥያቄ ለሁለተኛ ጊዜ ነው የሚሰሙት። “አብጦ ነበር። እናቴ በሙቅ ዘይት ታሽላት ነበር። የትኛው እንደሆነ አላስታውስም።” ከዚያ ድምፃቸው ደረቅ ሆነ። “መነሣቷ አይደለም የገደላት?”

“ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ምን እንደገደላት ልነግርዎ አልችልም” አለች ሐኪሟ። “መነሣት ግን አይገድልም። ልጅዎ ከነገ ጀምሮ እንድትራመድ ነው የምፈልገው።”

ፋሪዳ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሺ ማለታቸው ይሁን ሌላ፣ ማንም አላወቀም።

ኢብቲሳም ሁለት ቀን ተኝታ ወጣች። ደም የሚያቀጥን መርፌ ታዘዘላት፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከእምብርቷ ራቅ ብሎ፣ በቆዳዋ ሥር፣ ቢያንስ ለሦስት ወር። ማጥባት ትችላለች። መርፌውን ዳውድ እወጋለሁ ብሎ ሲዘገይ ኢብቲሳም ነጠቀችውና ራሷን ወጋች።

ሙፊዳ ለአባቷ የደወለችላቸው ከሆስፒታል በተመለሱ ማግስት ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው።

“ማን ናት?”

“ሙፊዳ ነኝ አባ!”

“ሙፊዳ! ደህና ነሽ? ድምፅሽ ከጉድጓድ ውስጥ ነው የሚመጣ!”

“ስልኩን ገልብጠው ነው የያዙት! ታችኛውን ወደ አፍዎ ያዙሩት!”

ጥቂት መንኳኳት ተሰማ። “አሁንስ?”

“አሁን ደህና ነው። አባ፣ ክሩን አገኘሁት። ለምን እንደሆነ አገኘሁት።”

ሐኪሟ ያለችውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻቸው፤ የሚረጋውን ደም፣ ሆድ ውስጥ የሚጨፈለቀውን ሥር፣ የሚላቀቀውን፣ ወደ ሳንባ የሚሄደውን። አባቷ አላቋረጧትም። ስልኩ የተዘጋ መስሏት “አባ?” አለች።

“አለሁ። የትኛው እግር ነው?”

“ግራው።”

“የሙሐባም ግራው ነበር” አሉ። “እኔ ነኝ ማለት ነው።”

“ሳይታሽም ሊሄድ ይችላል ብላለች። አያውቁም ነበር።”

“አላውቅም ነበር። አሁን አወቅሁ።” ከበስተጀርባ ዶሮ ጮኸ። “ስሚ፤ ክሩ እኩል ያልሆነላት ስትመጣ ‘አላሽም፣ ሂጂ’ ነው የምላት። ወዴት እንደምትሄድ አልነግራትም። ባለፈው ጥር አንዲቱን እንዲህ ብዬ ሸኘሁ፤ የት እንደደረሰች አላውቅም። ያ መርፌ እኛ ዘንድ ይገኛል? ስሙ ማነው? ምን በሉ ልበላቸው? ሐኪሟን ጠይቂልኝ።”

“እሺ አባ።”

“ጽፈሽ ያዢ። ትረሻለሽ።”

“ረስቼ አውቃለሁ?”

“ጥያቄ አትረሺም፤ እሱስ እውነት ነው።”

ኢብቲሳም አሁን በቀን አራት ጊዜ ከመኝታ ቤቷ እስከ ውጭ በር ትመላለሳለች፤ ጥብቁ ካልሲ እግሯ ላይ ነው። ፋሪዳ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ወንበር አስቀምጠው በመቁጠሪያ መስበሐቸው ዙሩን ይቆጥራሉ፤ ሃያ ሳይሞላ አያስቀምጧትም። ስለ ክሩም ስለ መክተብም አንድም ቃል አልተናገሩም። አንድ ቀን ጠዋት ግን፣ ሙፊዳ ሜትሩን ጠቅልላ ልትነሣ ስትል፣ ፋሪዳ የራሳቸውን ቀሚስ እስከ ጉልበት ሰብስበው እግራቸውን ዘረጉ።

“ያላ፣ የእኔንም።”

ሙፊዳ ለካች። ሠላሳ አንድ፤ ሠላሳ አንድ።

“እኩል ነው ማማ።”

“እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ? ዘይቱን አምጪዋ።”

የኢብቲሳም ቁጥሮች በየቀኑ ስልኳ ላይ ይመዘገባሉ። ግራው ከአርባ አንድ ተኩል ወደ ሠላሳ ዘጠኝ ወርዷል፤ ገና አይታሽም። የሚቀጥለው ቀጠሮ እሑድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ዳውድ ከሥራ ፈቃድ ወስዷል፤ ሙፊዳ ነቢልን ይዛ ትሄዳለች፤ የአባቷን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፋ ክሩ በነበረበት ኪስ ውስጥ አስቀምጣቸዋለች።